ስኮትላንድ፦ ሥልጣን ከማዕከል ሲወርድ ተጠያቂነቱ የት ይደርሳል?

የትዊድ ወንዝ በከፊል ጉዞው ስኮትላንድን ከእንግሊዝ ይለያል። በወንዙ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ሰዎች ዜግነታቸው አንድ፣ ገንዘባቸው አንድ፣ ንጉሣቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ በዓመት 50 ሺህ ፓውንድ የሚያገኝ ሠራተኛ መኖሪያው በስኮትላንድ በኩል ከሆነ፣ ተመሳሳይ ደመወዝ ካለው የእንግሊዝ ነዋሪ ይልቅ በ2025/26 የግብር ዓመት ከ1 ሺህ 500 ፓውንድ በላይ ተጨማሪ የገቢ ግብር ይከፍላል። በአንጻሩ የስኮትላንዱ ሠራተኛ ልጅ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። የእንግሊዙ ልጅ በ2025/26 የትምህርት ዓመት እስከ 9 ሺህ 535 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በብድር ተሸፍኖ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ይህ ልዩነት ሥልጣን ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤዲንብራ በመውረዱ የመጣ ነው። ራስ ገዝ አስተዳደሩ ከተመሠረተ ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኖታል። የክርክሩ ርዕስ ግን ዛሬም አልተለወጠም፤ ሥልጣኑ ለሕዝቡ ምን አስገኘ? ያልተሳካው ነገርስ የማን ዕዳ ነው? ሥልጣኑ ስላነሰ ነው ወይስ በእጅ ያለው በአግባቡ ስላልተሠራበት? ሁለቱ ወገኖች በትምህርት፣ በግብር እና በነጻነት ጥያቄ ላይ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ተለያይቶ ሲመረመር፣ የነጻነቱ ሙግት ሌሎቹን ሁለቱን ምን ያህል እንደሸፈናቸው ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥልጣኑ እንዴት ተገኘ?

ስኮትላንድ በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ስትዋሐድ የራሷን የሕግ ሥርዓት፣ ቤተ ክርስቲያኗንና የትምህርት አደረጃጀቷን ይዛ ቀርታለች። የራሷን ምክር ቤት መልሳ ለማግኘት በ1979 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከድምፅ ሰጪዎች አብላጫውን ድጋፍ ቢያገኝም፣ ከተመዝጋቢው መራጭ ቢያንስ 40 በመቶው እንዲደግፍ የሚጠይቀውን መስፈርት ባለማሟላቱ ሳይጸና ቀረ። መስከረም 11 ቀን 1997 በተደረገው ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ 74.3 በመቶ የሚሆኑት ምክር ቤቱ እንዲቋቋም፣ 63.5 በመቶዎቹ ደግሞ የግብር ሥልጣን እንዲኖረው ድምፅ ሰጡ። 129 አባላት ያሉት የስኮትላንድ ፓርላማ በ1999 ሥራውን ጀመረ።

ትምህርት፣ ጤና፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ እርሻ እና የአካባቢ አስተዳደር ለኤዲንብራ ተሰጡ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ ኢሚግሬሽንና አብዛኛው የግብር ሥርዓት በለንደን እጅ ቀሩ። በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ሌበርና ሊበራል ዴሞክራቶች በጥምር አስተዳደሩ። ከ2007 ወዲህ ነጻነትን የሚያቀነቅነው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ (ኤስኤንፒ) ሥልጣኑን ተረከበ። ስለዚህም የራስ ገዝ አስተዳደሩ መዝገብ በአመዛኙ የዚሁ ፓርቲ መዝገብ ሆኗል።

ትምህርት፦ ሊመዘኑበት የጠየቁት ሚዛን

ስኮትላንዳውያን በትምህርታቸው የሚኮሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1696 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ትምህርት ቤት እንዲኖረው፣ የመምህሩንም ደመወዝ የመሬት ባለቤቶች እንዲከፍሉ አዝዞ ነበር። ትምህርትና ግብር በዚያ አገር የተቆራኙት ከጥንት ጀምሮ ነው።

በ2015 የመንግሥቱ መሪ የነበሩት ተቀዳሚ ሚኒስትር ኒኮላ ስተርጅን በሀብታምና በድኻ ልጆች መካከል ያለውን የውጤት ልዩነት ማጥበብን ዋና ተግባራቸው አድርገው፣ ሕዝቡ በዚሁ እንዲመዝናቸው ጠየቁ። ለዚህም ከ2016 እስከ 2021 ባለው የምክር ቤት ዘመን 750 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ። ለቀጣዩ ዘመን ደግሞ 1 ቢሊዮን ፓውንድ ተያዘ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተቺዎች ቀድመው የሚያነሡት የ15 ዓመት ተማሪዎችን በብዙ አገሮች የሚያነጻጽረውን ፒሳ የተባለ ዓለም አቀፍ ምዘና ነው። የስኮትላንድ ተማሪዎች በ2006 በሒሳብ 506፣ በሳይንስ 515 ነጥብ ነበራቸው። በ2022 ግን ወደ 471 እና 483 ወረዱ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ በሒሳብ 492 አስመዝግባለች። ከ2010 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች የተዘረጋው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለክህሎት ትልቅ ቦታ ሲሰጥ ዕውቀትን አሳንሷል የሚለው ወቀሳም ከዚህ ይነሣል።

የመንግሥት ደጋፊዎች መልስ አላቸው። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የሒሳብ ውጤት በብዙ አገሮች አሽቆልቁሏል፤ የስኮትላንድም ነጥብ ከበለጸጉት አገሮች አማካይ ከ472 ብዙ አይርቅም። በንባብ 493 በማምጣት ከአማካዩ በላይ ናት። ትምህርታቸውን ከጨረሱ ወጣቶች መካከል ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ወደ ከፍተኛ ትምህርት፣ ወደ ሥልጠና ወይም ወደ ሥራ ይገባሉ። በእጅጉ ከደኸዩ አካባቢዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች ድርሻም ከፍ ብሏል። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በዓመት 1 ሺህ 140 ሰዓት ነጻ የቅድመ ትምህርት አገልግሎት ያገኛሉ።

ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። አስቸጋሪው ሚዛኑ ራሱ መነካቱ ነው። ስኮትላንድ ቲምስ እና ፐርልስ ከሚባሉ ሌሎች ሁለት ዓለም አቀፍ ምዘናዎች ወጥታ ቆየች፤ የመመለስ ውሳኔ የተላለፈው በ2023 ነው። የንባብና የሒሳብ ችሎታን በናሙና ይለካ የነበረው አገር አቀፍ ጥናትም ከ2016 በኋላ ተቋረጠ። መንግሥት በውጤቱ እንዲመዘን ጠይቆ፣ ንጽጽሩን በሚያስችሉት መሣሪያዎች ግን ሳይጠቀም ቀረ። ገበሬ ምርቱን ከአምናው ጋር ሊያስተያይ የሚችለው መስፈሪያው አንድ ሲሆን ነው።

በነሐሴ 2020 የደረሰው ደግሞ ከቁጥር በላይ ቤተሰቦችን ያስቆጣ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ባለመሰጠቱ መምህራን ውጤት ገመቱ፤ የፈተና ባለሥልጣኑ ግምቱን በትምህርት ቤቶቹ የቀደመ ታሪክ አስተካክሎ ከ124 ሺህ በላይ ውጤቶችን ዝቅ አደረገ። በከፍተኛው የመልቀቂያ ደረጃ የድኻ አካባቢ ተማሪዎች የማለፍ ምጣኔ በ15.2 መቶኛ ነጥብ ሲወርድ የሀብታሞቹ በ6.9 ብቻ ወረደ። ልዩነቱን አጠባለሁ ያለ መንግሥት በአንድ ቀን ሲያሰፋው ታየ። በወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ጆን ስዊኒ ውሳኔውን በቀናት ውስጥ ሽረው ይቅርታ ጠየቁ። ስዊኒ በግንቦት 2024 ተቀዳሚ ሚኒስትር ሆነዋል።

በዚህ ጉዳይ ለንደንን መውቀስ አይቻልም። ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ፈተናውና የመምህራኑ ቅጥር ስኮትላንድ ውስጥ የሚወሰኑ ናቸው። ነጻው የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም የራሷ ውሳኔ ነው፤ ተወዳጅ ነው፣ ዋጋም አለው። ክፍያውን መንግሥት ስለሚሸፍን ለስኮትላንድ ተማሪዎች የሚከፍትላቸውን ቦታ ይወስናል። ዩኒቨርሲቲዎቹም ጉድለታቸውን ከውጭ አገር በሚመጡ ከፋይ ተማሪዎች ለመሙላት ይገደዳሉ። ነጻ የሚባል አገልግሎት ሁሉ የሚከፍለው ሰው አለ፤ ጥያቄው ማን፣ በምን በኩል የሚለው ነው።

ግብር፦ ካልተነካ ሥልጣን እስከ 6 እርከን

የስኮትላንድ ምክር ቤት ከመነሻው መደበኛውን የገቢ ግብር ምጣኔ እስከ 3 በመቶ ነጥብ የማሳደግ ወይም የመቀነስ ሥልጣን ነበረው። አንድም መንግሥት አልተጠቀመበትም። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ቀረ። ወጪ ማውጣት ያስመሰግናል፤ ግብር መጨመር ያስወቅሳል። ገንዘቡ በድጎማ መልክ ከለንደን እስከመጣ ድረስ መሪዎቹ የሚመሰገኑበትን ብቻ መምረጥ ይችሉ ነበር።

ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ግን ከደመወዝ፣ ከንግድ ትርፍና ከጡረታ በሚገኝ ገቢ ላይ ምጣኔውንም እርከኑንም የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ወደ ኤዲንብራ ተሸጋገረ። ዛሬ ስኮትላንድ ከ19 እስከ 48 በመቶ የሚደርሱ 6 እርከኖች አሏት፤ በቀሪው የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት 20፣ 40 እና 45 በመቶ ብቻ ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ከ43 ሺህ 662 ፓውንድ በላይ ያለው ገቢ 42 በመቶ ይከፈልበታል፤ በእንግሊዝ የ40 በመቶው እርከን የሚጀምረው ከ50 ሺህ 270 ፓውንድ በላይ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝተኞች በአንጻሩ ከእንግሊዞቹ በጥቂቱ ያነሰ ይከፍላሉ።

ደጋፊዎች ይህን የፍትሕ ምልክት ያደርጉታል። ያለው እንዲከፍል፣ የሌለው እንዲደገፍ ነው ይላሉ። ማስረጃቸውም በየካቲት 2021 በሳምንት 10 ፓውንድ ተጀምሮ በሚያዝያ 2025 ወደ 27 ፓውንድ ከ15 ሳንቲም ያደገው፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በየልጁ የሚሰጠው ድጎማ ነው። በእንግሊዝ አቻ የለውም። ተቃዋሚዎች ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ባለሀብቶች ከድንበሩ ማዶ መኖርን ሊመርጡ ይችላሉ፤ ሸክሙም መካከለኛ ገቢ ባለው መምህርና ነርስ ላይ ጭምር ወድቋል ሲሉ ይመልሳሉ።

ብዙ መራጭ የማያስተውለው ግን ሌላ ነው። ለንደን ድጎማውን ስትልክ፣ ግብሩ ባይተላለፍ ኖሮ ከስኮትላንድ ታገኘው የነበረውን ገቢ አስልታ ትቀንሳለች። የሚቀነሰው መጠን በሌላው የአገሪቱ ክፍል የግብር ገቢ ዕድገት ልክ ያድጋል። የስኮትላንድ ደመወዝና የሥራ ዕድል ከሌላው ፈጥኖ ካደገ ትርፉ የራሷ ነው፤ ከዘገየ ጉድለቱም የራሷ ነው። በተግባር የሆነው ሁለተኛው በመሆኑ፣ ከፍ ካለው ምጣኔ ከተሰበሰበው ተጨማሪ ገንዘብ ከፊሉን የዕድገቱ መዘግየት በልቶታል። ምጣኔ ማሳደግ ብቻውን ካዝና አይሞላም፤ ግብር የሚከፈልበት ሥራ ማደግ አለበት።

ገበሬዎችም ይህን የሥልጣን መቆራረጥ በደጃቸው ያውቁታል። የእርሻ ድጎማ የሚወሰነው በኤዲንብራ ነው። እንግሊዝ በመሬት ስፋት ይከፈል የነበረውን ቀጥተኛ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ስታስቀር ስኮትላንድ ቀጥተኛ ድጋፉን አላቆመችም። የውርስ ግብር ግን የለንደን ነው። በጥቅምት 2024 የብሪታኒያ መንግሥት ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዋጋ ያለው የእርሻ ሀብት ሲወረስ ግብር እንዲከፈልበት ሲያስታውቅ፣ የስኮትላንድ ገበሬዎች ተቃውሟቸውን በኤዲንብራም በለንደንም አሰሙ። የግብር መነሻው ኋላ ወደ 2.5 ሚሊዮን ከፍ ተደረገ። ድጎማውን ከአንዱ፣ ግብሩን ከሌላው የሚጠብቅ ገበሬ አቤቱታውን ወደየት እንደሚያቀና ማወቅ ነበረበት።

ውኃው ከዋናው ቦይ ሲቀር

ስኮትላንድ 32 የአካባቢ ምክር ቤቶች አሏት። ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት፣ መምህራንን የሚቀጥሩት፣ መንገድ የሚጠግኑትና ቆሻሻ የሚያነሡት እነርሱ ናቸው። የራሳቸው ዋና ገቢ ካውንስል ታክስ የሚባለው የመኖሪያ ቤት ግብር ነው። ይህ ግብር ዛሬም የሚሰላው ቤቶች በ1991 በነበራቸው ዋጋ ነው። በሠላሳ ዓመታት ውስጥ ዋጋው የናረለት ሰፈርና የወደቀበት ሰፈር በዚያው በቀድሞው እርከን ላይ ናቸው።

ኤስኤንፒ በ2007 ይህን ግብር አስቀርቶ በአካባቢ የገቢ ግብር እንደሚተካው ቃል ገብቶ ነበር፤ አልተተካም። ከእርሱ በፊት የነበረው ጥምር መንግሥትም አልነካውም። ከዚያ ይልቅ ግብሩ ከ2008 ጀምሮ ለ9 ተከታታይ ዓመታት እንዳይጨምር ታገደ። በጥቅምት 2023 የወቅቱ ተቀዳሚ ሚኒስትር ሁምዛ ዩሳፍ በድጋሚ እግድ ሲያውጁ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶቹ ማኅበር ሳንጠየቅ ተወሰነ ሲል ቅሬታውን ገለጸ። እግዱ ከኑሮ ውድነት ጋር ለሚታገለው ነዋሪ እፎይታ ነበር። ይሁንና ኤዲንብራ በምትኩ የምትሰጠው ገንዘብ የአካባቢውን ምክር ቤት የድጎማ ጠባቂ ያደርገዋል።

መስኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃው ከግድቡ ቢለቀቅም ዋናውን ቦይ የያዘው ሰው ወደ ማሳዎቹ ካላወረደው፣ ከታች ያለው ማሳ በግድቡ ዘመን ከነበረበት ጥማት አይወጣም። ለንደን ሥልጣን ታካብታለች ብሎ የሚሟገት መንግሥት፣ በአካባቢ ምክር ቤቶች ዘንድ በዚያው ነገር ተወቀሰ።

ነጻነት፦ ጋሻም መጋረጃም

መስከረም 18 ቀን 2014 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 84.6 በመቶ የሚሆነው ወጥቶ 55.3 በመቶው ስኮትላንድ በኅብረቱ ውስጥ እንድትቀጥል፣ 44.7 በመቶው ነጻ አገር እንድትሆን ድምፅ ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን 62 በመቶው የስኮትላንድ መራጭ ግን በኅብረቱ ለመቆየት ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ከፍላጎታችን ውጭ ተጎተትን የሚለው ስሜት የነጻነቱን ጥያቄ እንደገና አቀጣጠለው። ኅዳር 23 ቀን 2022 ግን የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ የማካሄድ ሥልጣን የለውም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የነጻነት ደጋፊዎች በእጃችን ያለው ግማሽ ሥልጣን ነው ይላሉ። የተበዳሪነት አቅማችን የተገደበ፣ ኢሚግሬሽን ያልተሰጠን፣ የነዳጁም ግብር የለንደን ሆኖ በሙሉ አቅም ልንመዘን አይገባም ባዮች ናቸው። ተቃዋሚዎች የስኮትላንድ መንግሥት ራሱ የሚያወጣውን ሰነድ ይጠቅሳሉ። በ2023/24 በስኮትላንድ ስም የወጣው የመንግሥት ወጪ ከተሰበሰበው ገቢ በ22.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም በአጠቃላይ ምርቷ 10.4 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይህ ጉድለት ከነጻነት በኋላ በምን ይሞላል? መገበያያውስ የማን ገንዘብ ይሆናል? ሲሉ ይጠይቃሉ። ደጋፊዎቹ ሰነዱ የሚያሳየው አሁን ባለው ኅብረት ውስጥ ያለችውን ስኮትላንድ እንጂ ነጻዋን አይደለም ብለው ይመልሳሉ።

መራጩ ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት ጀምሯል። በሐምሌ 2024 የብሪታኒያ ምርጫ ኤስኤንፒ ከ48 መቀመጫ ወደ 9 ወርዷል። ለነጻነት ያለው ድጋፍ ግን አብሮት አልወደቀም፤ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ከግማሽ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ መቆየቱን ያሳያሉ። በርካታ ሰዎች አገራቸው ነጻ እንድትሆን እየፈለጉም በአስተዳደሩ ላይ ቅሬታቸውን በድምፃቸው ገልጸዋል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሙግቱ ሁለቱንም ወገን ሲጠቅም ኖሯል። መንግሥት ስለ ንባብ ውጤት ሲጠየቅ ስለ ለንደን ያወራል፤ ተቃዋሚው ስለ ካውንስል ታክስ አማራጩን ሲጠየቅ ስለ ሕዝበ ውሳኔ ያወራል። የነጻነት ጥያቄ ሕጋዊና ክቡር ጥያቄ ነው። የ1991ን የቤት ዋጋ ለመከለስ ግን ነጻነት አያስፈልግም፤ ከቲምስ ምዘና ላለመውጣትም እንዲሁ።

ለሌሎች የሚተርፈው ትምህርት

የኢትዮጵያና የብሪታኒያ አወቃቀር ይለያያል። ብሪታኒያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የላትም፤ ስኮትላንድ የምትገነጠልበት ሥርዓትም በሕግ አልተደነገገም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ደግሞ ከምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እስከ ሕዝበ ውሳኔ ያለውን ሂደት ዘርዝሯል። የሚያመሳስላቸው ነገርም አለ። በኢትዮጵያም ክልሎች ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድራሉ፤ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይሰበስባሉ፤ ከፌዴራል መንግሥት በቀመር የሚከፋፈል ድጎማም ይቀበላሉ። ስለዚህ አንድ ገበሬ የከፈለው ግብር የት ደረሰ፣ የልጁ መማሪያ ክፍል በር ያጣው በማን ጉድለት ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከትዊድ ዳር ሠራተኛ ጥያቄ አይለይም።

የስኮትላንድ ተሞክሮ የሚያስረዳው ሥልጣንን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ዋጋ ያለው መሆኑን ነው። የልጆች ድጎማው፣ ነጻው ትምህርትና ዝቅተኛ ደመወዝተኛውን የሚያግዘው እርከን ከሩቅ ማዕከል የመጡ አይደሉም። ይህ መቅረብ ሙሉ የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች ሲከተሉት ነው፤ ውጤቱን ከዓመት ዓመት የሚያስተያይ የማይነካ መስፈሪያ፣ የሚወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል በግልጽ የሚያሳይ ግብር፣ እንዲሁም ከክልሉ ዋና ከተማ አልፎ እስከ ቀበሌው የሚደርስ የመወሰን አቅም።

በትዊድ ማዶ ያለው ሠራተኛ በዓመት 1 ሺህ 500 ፓውንድ ተጨማሪ ሲከፍል ለነጻነትም ለኅብረትም ሊወግን ይችላል። በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ የሚጠይቀው ግን አንድ ነው፤ ልጄ ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ የተሻለ ያነባል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ያለበት ሥልጣኑን የያዘው አካል ነው።